የአሜሪካዋ ግዛት የአላባማ የምርጫ ካርታ በፍርድ ቤት የወደቀው እንዴት ነው? ስለ ምርጫ ክልል አከላለል ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው መምረጥ ከቻለ የምርጫ ክልሉ መስመር የትም ቢሰመር ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ አሸናፊውን ይለውጣል። እያንዳንዳቸው 100 መራጭ ያላቸውና አንድ አንድ ወንበር የሚሞሉ አምስት የምርጫ ክልሎች አሉ እንበል። ከ500ው መራጭ 150ው ጥቁሮች ናቸው፤ ጥቁሩም ነጩም የየራሱን እጩ ይመርጣል። ጥቁሮቹን በየክልሉ 30፣ 30 አድርገው ቢበትኗቸው አንድም ወንበር አያገኙም። 90ውን አንድ ክልል ውስጥ አጭቀው የቀሩትን 60 በአራቱ ቢያካፍሏቸው አንድ ወንበር ያገኛሉ፤ ለማሸነፍ 51 ስለሚበቃ 39 ድምፅ በከንቱ ይቀራል። በሁለት ክልል 60፣ 60 ሆነው ቢያርፉ ግን ሁለት ወንበር አላቸው። በሦስቱም ካርታ መራጩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ አላባማ የትኛውን አደረገች?

መልስ፦ ሁለቱንም፣ ማጨቁንም መበተኑንም። ግዛቷ በኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት 7 ወንበር አላት። ከ2020 ቆጠራ በኋላ በወጣው ካርታ፣ ከነዋሪው 27 በመቶ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ ጥቁሮች አብላጫ የሆኑት በ7ኛው ክልል ብቻ ነበር። ብላክ ቤልት የሚባለው፣ ስሙን ከጥቁር ለም አፈሩ ያገኘውና በባርነት ዘመን ጥጥ ይመረትበት የነበረው ምድር፣ ከፊሉ 7ኛው ውስጥ ገባ። የቀረው በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ተቆራረጠ።

ጥያቄ፦ ይህን ካርታ በፍርድ ቤት የተቃወሙት ከሳሾች ምን ማስረዳት ነበረባቸው?

መልስ፦ «ቁጥራችን ይህን ያህል ነው፣ ወንበራችን ግን አንድ ብቻ ነው» ማለት አይበቃም። በምርጫ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ በቁጥር ልክ ወንበር የማግኘት መብት አይሰጥም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ጊንግልስ በተባለው ጉዳይ ሦስት መስፈርት አስቀመጠ፦ አናሳው ወገን በአንድ ተጨማሪ ክልል አብላጫ ሊሆን የሚችል ብዛትና አሰፋፈር አለው ወይ? ድምፁን ለአንድ እጩ ይሰጣል ወይ? ነጩ አብላጫስ በአንድነት እየመረጠ ያንን እጩ አዘውትሮ ይጥላል ወይ?

የመጀመሪያው በወሬ አይረጋገጥም፤ ካርታ ተሠርቶ ይቀርባል። የአላባማ ከሳሾች 11 ናሙና ካርታ አቀረቡ። ለሌሎቹ ሁለት ደግሞ፣ ድምፅ ምስጢር ስለሆነ ባለሙያዎች የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት ከአካባቢው ነዋሪዎች ዘር ጋር በስታቲስቲክስ ያነጻጽራሉ። ጥቁሮች የራሳቸውን እጩ በአማካይ 92.3 በመቶ ሲደግፉ፣ ከነጮቹ ያንኑ እጩ የደገፉት 15.4 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በእኔ ግምት የጉዳዩ የጀርባ አጥንት ይህ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ናሙና ካርታ የሚወድቀው በምንድን ነው?

መልስ፦ ዘርን ብቻ እያሳደደ ሲሰመር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 በወሰነው የሾው ጉዳይ ክስ የቀረበበት የሰሜን ካሮላይና ክልል 160 ማይል ያህል ይረዝም ነበር፤ በአብዛኛው ስፋቱ ከአውራ ጎዳናው አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ካርታ ስትሠሩ ካውንቲን (በግዛቱ ውስጥ ያለውን የአስተዳደር አካባቢ) ያለ ምክንያት አትቁረጡ፣ ክልሉ ሳይቆራረጥ የተያያዘ ይሁን፣ የሕዝቡ ቁጥር ይመጣጠን።

ጥያቄ፦ ከተፈረደ በኋላስ ወዲያው ተስተካከለ?

መልስ፦ አልተስተካከለም። የሥር ፍርድ ቤት ካርታውን በጥር 2022 አገደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት እገዳውን አነሳና የዚያ ዓመት ምርጫ በዚያው ካርታ ተካሄደ። በሰኔ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ለከሳሾች ፈረደ። የግዛቷ ምክር ቤት ግን 2ኛውን ክልል 40 በመቶ ገደማ ብቻ ጥቁር አድርጎ ሌላ ካርታ አወጣ። ፍርድ ቤት ይህንንም ጥሎ በሾመው ባለሙያ አዲስ አስሠራ፤ በ2024 ጥቁሩ እጩ ሾማሪ ፊገርስ በ2ኛው ክልል አሸነፉ። የጠፋውን የ2022 ምርጫ ግን ማንም አይመልሰውም። እስከ 2013 ድረስ አላባማ ካርታዋን ከመጠቀሟ በፊት በፌዴራል ደረጃ ማስፈቀድ ነበረባት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሼልቢ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ያንን ስላስቀረ ነው ሰዎች ከጉዳቱ በኋላ የሚከሱት።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ክልሎቹ በሚሰመሩበት የሕዝብ ቆጠራ እቆጠራለሁ? እኛ አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያንስ ከዚህ ምን እናገኛለን?

መልስ፦ ይቆጠራሉ፤ ቆጠራው ዜጋውንም ያልሆነውንም ይመዘግባል። በ2020 ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሥር መጻፊያ ቦታ ነበር፣ ከምሳሌዎቹም አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። ባዶ አትተዉት። በኮንግረስ ደረጃ ብቻችንን አብላጫ የምንሆንበት ክልል የለም፤ በካውንቲና በከተማ ምክር ቤት ግን ሰፈራችን ለሁለት እንዳይቆረጥ መጠየቅ ይቻላል። የሚጠየቀው ካርታው ገና ረቂቅ ሳለ፣ በሕዝብ መስሚያ ስብሰባ ነው። «አትለያዩን» ብቻ ብሎ መቀመጥ አይጠቅምም። መንገዶቹን በስም እየጠሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ሱቆቹና ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንደወደቁ በወረቀት ካርታ ላይ አስምረው ያስረክቡ።