ቤዝ አምፕ ልትገዙ ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን ቤዝ ጊታር የጀመረ አንድ ልጅ ደወለና "ጋሼ፣ ለጊግ የሚሆን ኮምቦ ልገዛ ነው፣ ስንት ዋት ይበቃኛል?" አለኝ። ጊግ ማለት መድረክ ላይ የምንሰራው ስራ ነው፣ ኮምቦ ደግሞ አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆነ። ድራመራችሁ እንዴት ነው የሚመታው፣ የምትሰሩበት ቦታ ሳውንድ ሲስተም አለው ወይ፣ ዕቃውን ደረጃ ለደረጃ የምትሸከመው አንተ ነህ ወይስ ሰው አለህ እያልኩ በጥያቄ ላይ ጥያቄ ሳዥጎደጉድበት ዝም አለ። አልፈረድኩበትም፣ እኔም በሱ ዕድሜ አምፕ የምመርጠው በቁጥር ነበር፣ ትልቅ ቁጥር የተለጠፈበት ሁሉ ትልቅ ድምፅ የሚያወጣ ይመስለኝ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቤዝ አንግቼ ከስቴጅ ስቴጅ ስዞር በራሴ ገንዘብ፣ በራሴ ወገብና በራሴ ጆሮ የተማርኩትን በስልክ መጨረስ ስላልቻልኩ እዚህ ልፃፍላችሁ፣ ረዘም ካለ ታገሱኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኮምቦ የሚገዛው አዳራሽ ለመሙላት አይደለም። አዳራሹን የሚሞላው ሳውንድ ሲስተሙ ነው፣ ከአምፓችሁ ጀርባ ካለችው የዲአይ መውጫ (የቤዙን ሲግናል በቀጥታ ወደ ሚክሰር ከምትልከው) መስመር ወስዶ። አምፑ ለእናንተና አጠገባችሁ ለተቀመጠው ድራመር ነው። ይቺ አንዴ ከገባቻችሁ የምትገዙትም፣ የምታስቀምጡበትም ቦታ፣ ማዞሪያዎቹን የምትነካኩበትም መንገድ ይለወጣል። ሳውንድ ሲስተም በሌለበት ትንሽ ቦታ የምትሰሩ ከሆነ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

የዋቱን ነገር እንጨርሰውና እንለፍ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ250 ዋት ወደ 500 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው፣ 3 ዴሲቤል ማለት ደግሞ "እእ... ጨመር ያለ መሰለኝ" የምትሉት ዓይነት ነው። ጆሮ "አሁን እጥፍ ሆነ" እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ይፈልጋል፣ ለሱ ደግሞ ዋቱን በ10 ማባዛት አለባችሁ። ስለዚህ ከዋቱ ይልቅ ስፒከሩ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ እዩ፣ ዝርዝሩ ላይ ይፃፋል። 100 የሚል ስፒከር 97 የሚለውን በግማሽ ዋት ያክለዋል። ይሄንን ሻጭ አይነግራችሁም፣ ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም።

እኔ የተበላሁት በኦም ነው። ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም ነው፣ ሲያንስ ከአምፑ ብዙ ጉልበት ይስባል። ፊቱ ላይ 500 ተብሎ በትልቁ የተፃፈበት ኮምቦ ከአንድ ሰው ላይ ገዛሁ፣ ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ገባሁ፣ ሶስት ጊግ ሰርቼበት ግን "ይሄ ነው 500?" ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ገልብጬ ጀርባውን ሳነብ በደቃቃ ፊደል "በ4 ኦም" ይላል፣ ውስጡ ያለው ስፒከር ደግሞ ባለ 8 ኦም ነው። ማለትም ሌላ ባለ 8 ኦም ካቢኔት (ስፒከር ብቻ ያለበት ሳጥን) ካልጨመርኩበት በስተቀር 500ውን አላየውም፣ ብቻውን ሲሆን ከግማሽ ትንሽ በልጦ ነው የሚሰራው። ሰውየውም አላጭበረበረኝም፣ እኔ ነኝ ሳላነብ የገዛሁት። ሁለት ባለ 8 አንድ ላይ 4 ይሆናሉ፣ አምፑ "ከ4 በታች አትውረድ" ካለ እዛው ማቆም ነው፣ በ8ቱ ላይ ባለ 4 ብትጨምሩ 2.7 አካባቢ ይወርድና አምፑ ይግላል፣ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ካልሆነ የሆነ ነገር ይቃጠላል። ካቢኔት ስታያይዙ ደግሞ የስፒከር ኬብል ተጠቀሙ፣ የጊታሩን ኬብል አይደለም። ሁለቱ ጫፋቸው አንድ ዓይነት ጃክ ስለሆነ ሰው ይምታታበታል እንጂ የጊታሩ ውስጡ ቀጭን ነው፣ ያን ሁሉ ከረንት አይችልም።

ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 15 ኢንች የሚለው ክርክር ላይ ብዙ አልቆይም። "15 ወፍራም ነው፣ 10 ቶሎ ይናገራል" ይባላል፣ ትንሽ እውነት አለው፣ ግን የሳጥኑ አሰራር ከስፒከሩ መጠን ይበልጣል። በጆሯችሁ ፍረዱ። ፌንደር የመጀመሪያውን ፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 አውጥቶ በዓመቱ ቤዝማን የሚባለውን አምፕ ሲያስከትል በአንድ 15 ኢንች ስፒከር ነበር። በ1960 የመጣው አምፔግ ቢ-15 ደግሞ ያው አንድ ባለ 15 ይዞ ጉልበቱ ከ30 ዋት አይበልጥም ነበር፣ ሰው ግን እስከዛሬ ድምፁን ይናፍቃል። በ1969 ኤስቪቲ 300 ዋት ይዞ ሲመጣ ሮክ ባንዶች ትልልቅ መድረክ ላይ ወጥተው ጊታሩ ቤዙን ስለዋጠው ነው። ያኔ ቤዙን ሰው ጋ የሚያደርሰው የመድረኩ አምፕ ራሱ ነበር፣ ዛሬ ያንን ስራ ሌላ ዕቃ ይሰራዋል። የ1969ኙን ችግር ለመፍታት ብላችሁ ዛሬ ፍሪጅ የሚያህል ነገር አትሸከሙ።

ሸክም ካልኩ አይቀር ክብደት። ሙዚቀኛ ስለ ወገቡ የሚያወራው ካመመው በኋላ ነው። የድሮ ኮምቦዬ 40 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ያውም መያዣው አንድ፣ እሱም ከላይ፣ ስለዚህ ስታነሱት ጉልበታችሁን እየመታ ነው የሚሄደው። አሁን ክላስ ዲ በሚባለው አሰራርና በኒዮዲሚየም ማግኔት ምክንያት 15 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ለአብዛኛው ጊግ የሚበቃ ኮምቦ አለ። ሁለት ዕቃ መካከል ከተወዛገባችሁ ቀላሉን ግዙ፣ በዚህ አልደራደርም። እርግጥ ክላስ ዲው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ቦርዱን መቀየር ነው፣ የድሮው ግን መበየጃ የያዘ ባለሙያ ሁሉ ይከፍተው ነበር፣ እሱን አልክድም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ቃናው። መጀመሪያ ከባንድ ጋር የሰራሁ ቀን ቤት ሳምንት ሙሉ ያስተካከልኩትን ሴቲንግ በወረቀት ፅፌ ነበር የሄድኩት፣ ሎው (ወፍራሙ ድምፅ) ሙሉ፣ ትሬብል (ቀጭኑ) ሙሉ፣ ሚዱን (መሀለኛውን) ደግሞ ጥርግ። ብቻዬን ስሰማው ሲዲ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድራመሩ በዱላው ወደ ጆሮው እያመለከተ "የለህም!" ይለኛል። ሎው ጨመርኩ። "የለህም!" ቮልዩም ጨመርኩ፣ ቀይዋ የክሊፕ መብራት (ድምፁ ከአቅም አልፏል የምትለው) ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ መጥፋት እምቢ አለች፣ ስፒከሩ እንደተቀደደ ጨርቅ ይንተፈተፋል፣ ዘፋኟ ዞራ ታየኛለች። ከኛ በኋላ የሚጫወት አንድ ትልቅ ሰው ከጎን ሲያየን ቆይቶ በሁለት ዘፈን መሀል ዝም ብሎ መጣና ሎውን ወደ መሀል መለሰው፣ ትሬብሉን ቀነሰው፣ ሚዷን ከመሀል ትንሽ አሳለፋት፣ ማስተሩንም (ዋናውን ቮልዩም) ዝቅ አደረገው። ቀነሰው እኮ! የሚቀጥለው ዘፈን ላይ ድራመሩ ቀና ብሎ ሳቀ። ሰውየው ምንም ሳይለኝ ተመልሶ ተቀመጠ።

ምን ሆኖ ነው? የኢ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፣ ባለ አምስት ክር ከሆነ ቢው 31 ነው። አብዛኛው ኮምቦ እዛ ድረስ በጉልበት አይወርድም፣ የምትሰሙት በብዛት እጥፉን ነው፣ 82ቱንና ከሱ በላይ ያሉትን፣ የጎደለውን ጭንቅላታችሁ ይሞላዋል። ሎውን ስትከምሩ አምፑ የማይችለውን ነው የምትጠይቁት፣ 6 ዴሲቤል ብትጨምሩ እዛ ቦታ ላይ አራት እጥፍ ዋት ይበላል። ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ ኪክ ድራሙ (በእግር የሚመታው ከበሮ) ከተቀመጠበት ቦታ ሄዶ ነው የሚጋጨው። ኖታችሁ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ከ250 እስከ 800 ኸርዝ ያለው ሰፈር ነው፣ ብቻችሁን ስትሰሙት አፍንጫ አፍንጫ የሚል፣ የሚያስጠላ ነው፣ ባንድ ውስጥ ግን እሱ ነው ቤዝ የሚባለው። ቤት ያማረ ሴቲንግ ስቴጅ ላይ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሁሉንም መሀል አድርጋችሁ ጀምሩና እዛው ቦታው ላይ፣ ባንዱ እየመታ አስተካክሉ።

ጌይን (ከቤዙ የሚገባውን ሲግናል መጠን የሚወስነው ማዞሪያ) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማስተሩን ዝቅ አድርጋችሁ ጊግ ላይ እንደምትመቱት በጉልበት ምቱ፣ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መምታት) ካላችሁ ስላፑን፣ ጌይኑን ቀይዋ ብልጭ እስክትል ጨምሩና ትንሽ መልሱት፣ ከዛ በኋላ ድምፅ በማስተሩ ነው። ቤዛችሁ ባትሪ ያለው አክቲቭ ከሆነና አምፑ የአክቲቭ ቁልፍ ካለው ተጫኑት፣ ጊጉ ሲያልቅ ደግሞ ጃኩን ንቀሉ፣ ተሰክቶ ካደረ ባለ 9 ቮልቱ ያልቃል። ስንት ልጅ "አምፑ ተበላሸ" ብሎ አስጠርቶኝ ባትሪ ቀይሬለት መጥቻለሁ።

አቀማመጥ ላይ አንድ ሂሳብ ልንገራችሁ፣ ከዚህ በላይ ሂሳብ የለም። ኮምቦውን ከኋላው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ብታርቁት፣ ከግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ከፊተኛው ጋር ይጠፋፋል፣ ያ ማለት በዲ ክር ሶስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ኤፍ ድንገት አቅም ያጣል፣ እናንተ ደግሞ ጣቴ ነው ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። ወደ ግድግዳው ብታስጠጉት ይሻላል፣ ሎው ይጨምራል፣ ጥግ ላይ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል፣ ስለዚህ ጥግ ካስቀመጣችሁ ሎውን ቀንሱ። ስቴጁ ከስሩ ባዶ የሆነ የእንጨት ከሆነ ራሱ ከበሮ ይሆናል፣ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጠንካራ ወንበር ላይ አውጡት። መሬት ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት የሚያይ ኮምቦ ሚዱንና ትሬብሉን የሚያጫውተው ለሱሪያችሁ ነው፣ ሱሪ ደግሞ አይሰማም፣ ወደ ላይ ጋደም አድርጉት። ይሄን ብቻ አድርጋችሁ ቮልዩም ስትቀንሱ ታዩታላችሁ።

ዲአዩን ለሳውንድማኑ ስትሰጡ ከኢኪው (ከቃና ማስተካከያው) በፊት የሚለው ላይ አድርጉት፣ ያኔ እናንተ ለራሳችሁ ስትነካኩ አዳራሹ አይረበሽም፣ እሱም ይወዳችኋል። እዝዝ የሚል ካለ የግራውንድ ሊፍት ቁልፏን ተጫኑ። እሷን ብቻ! የሶኬቱን የግራውንድ እግር የሚቆርጡ አሉ፣ በፍፁም እንዳታደርጉት፣ ቤዙን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ የሚመጣው ነገር ቀልድ አይደለም።

ሳውንድ ሲስተም የሌለበት ያልኩት እነሆ። እዛ ላይ አምፑ ሁለቱንም ስራ ይሰራል፣ ድራመር ካለ ከ300 ዋት በታች አልወጣም፣ የካቢኔት መውጫ ያለው ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ፣ ለትንሹ ጊግ ብቻውን፣ ለትልቁ ከነጭማሪው። ከዛም በኋላ ካልበቃ ድራመሩ ዝቅ ይበል፣ አዎ፣ መጠየቅ ይቻላል።

ጆሮ። በግራዬ በኩል ሲምባል ነበር ዓመታት ሙሉ፣ ዛሬ ማታ ማታ ሁሉ ነገር ፀጥ ሲል ግራው ይጮሃል፣ አያቋርጥም። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው፣ መድረክ ላይ አንድ ዙር ጨዋታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ። የጆሮ መሰኪያ ከአምፑ ጋር አብራችሁ ግዙ።

ልጁ ነገ ያገለገለ ኮምቦ ሊያይ ይሄዳል። የራስህን ቤዝና የራስህን ኬብል ይዘህ ሂድ፣ ወደ ጊግ ድምፅ አውጥተህ ታችኛዋን ክር እየመታህ የሚንቀጠቀጥ ብሎን ካለ ስማ፣ ጃኩን ነቅነቅ አድርገው፣ ማዞሪያዎቹን ስታዞር የሚንኮሻኮሽ ካለ አስተውል፣ ዲአዩን ሚክሰር ላይ ሰክተህ ሞክረው እሱን ማንም አይሞክረውም፣ ጀርባው ላይ ያለውን ኦምና ቮልቴጅ አንብብ አልኩት። ድራመሩንም ይዘኸው ሂድ አልኩት፣ አንተ ስትመታ እሱ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ይስማ።