«500 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ካርድሽን አይበላም

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። እህታችን ኮንዶሚኒየም ሥር የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ትሠራለች። ኮምፒውተሯ ማታ 12 ሰዓት ገደማ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ከኋላው የሚወጣው አየር ይፋጃል። የቆጣሪ ካርዷም ቶሎ ያልቃል። ጠዋት ለመነሳት ስለሚዘገይባት ሌሊቱን ሳታጠፋው ታድራለች። «500 ዋቱን ፓወር ሰፕላይ በ300 ብቀይረው ካርዱ ይቆይልኛል?» ትላለች። ፓወር ሰፕላይ የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚስማማው መጠን ቀይሮ የሚሰጠው ሳጥን ነው።

እህቴ፣ ነገሩ የገባኝ ሰዓቱን ስትነግሪኝ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ይጥዳል፤ ቮልቴጅ ይወርዳል። ያንቺ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ደክሟል፣ ትንሽ ሲወርድበት አይችልም። ጥርጣሬዬ ይሄ ነው።

የላክሽው ፎቶ አናዶኛል። የጠገነው ሰው በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ በይዶበታል። አጠገቡ ካሉት ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች የአንዱ ጫፍ አብጧል። እሱን ሳይቀይር ክዳኑን ገጥሞ ሰጥቶሻል። ይህ ጥገና አይባልም፤ ሱቅ ያቃጥላል። ዛሬውኑ ንቀዪው። ግን አትክፈቺው። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ እነዚያ ካፓሲተሮች ውስጥ 310 ቮልት ገደማ ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ዋቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ጣሪያ ላይ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ስለተሰቀለ የውሃ ቆጣሪው በቀን 1000 ሊትር አይቆጥርም። የሚቆጥረው የቀዳሽውን ነው። 500 ዋትም እንደዚያው ነው፤ መስጠት የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚወስደው አይደለም። ሮቶው ካፈሰሰ ግን ያልቀዳሽውንም ትከፍያለሽ። የፓወር ሰፕላይ ፍሳሽ ሙቀት ነው። ያ የሚፋጀው አየር የተከፈለበት መብራት ነው። ኮምፒውተርሽ ውስጡ 60 ዋት ይፈልጋል እንበል። 65 በመቶውን ብቻ የሚያስተላልፍ ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት 92 ዋት ይስባል። 85 በመቶ የሚያስተላልፈው 70 ገደማ ይበቃዋል። በቀን 10 ሰዓት ብትሠሪ ልዩነቱ በወር ከ7 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። ባለ 3500 ዋት ምጣድ ይህን በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ካርድሽን በዋናነት የሚበላው ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ 14 ሰዓት በከንቱ ሲያድር በወር 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። አጥፊው፤ ካልሆነም በስሊፕ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አንቀላፍቶ) ይደር። ፎቶ ኮፒውንም ማታ ከሶኬት ንቀዪው። ሲሞቅ ብዙ ይስባል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይም አይሁን።

ፓወር ሰፕላዩን ቀይሪው፣ አታስጠግኚው። ስትገዢ ጀርባውን እዪ። 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ተዪው። አንድ ሰው ወደ 115 ካዞረው በእኛ 220 ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የተጻፈበትን ፈልጊ፤ የቮልቴጅ መውረድን ይችላል። የ80 ፕላስ ምልክት ቢያንስ 80 በመቶ ያስተላልፋል ማለት ነው። ምልክቱን ብቻ ግን አትመኚ፣ ሐሰተኛ ስቲከር ሞልቷል። በእጅሽ አንሺው። 500 ተብሎ እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለለ ውስጡ ምንም የለም። ላንቺ ሥራ እውነተኛ 300 ከበቂ በላይ ነው።

አዲሱን ከገጠምሽ በኋላ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሶኬቱን ቮልቴጅ በቴስተር (መልቲሜትር) ለኪ። ከ180 ቮልት በታች ከወረደ ለፎቶ ኮፒው ስታቢላይዘር ያስፈልግሻል። አሮጌውን ለማንም አትሽጪ። ልጆችም አይፍቱት፤ ካፓሲተሩ ይመታል።