ብርዱ ሲመጣ ደጋኔ አልሳብ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። በደጋን አጋዘን ማደን ያስለመደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ አሁን ግን ከእሱ በላይ የወደድኩት እኔ ነኝ። ያለኝ ኮምፓውንድ ደጋን ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ካም የሚባሉ መንኮራኩሮች ያሉት። የመሳቢያ ክብደቱ ከ60 እስከ 70 ፓውንድ ይስተካከላል፣ እኔ 68 ላይ አድርጌዋለሁ። ሴፕቴምበር ላይ ጓሮዬ ውስጥ ያለ ምንም ችግር እስበው ነበር። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ግን ዛፍ ላይ ካለው ማማዬ ለሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ፣ ብርዱ 15 ፋራናይት ገደማ ሆኖ፣ አንዲት አጋዘን 20 ያርድ ላይ መጥታ ቆመችልኝ። ብስብ ብስብ እምቢ አለ። ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ወደ ላይ አንስቼ ስታገል አየችኝና ሄደች። ደጋኑ ነው በብርዱ የደረቀው? ባልደረባዬ ጂም ቤት ግባ ይለኛል። ደግሞ ጾም ላይ ነበርኩ፣ እሱ ይሆን እንዴ?

ከሴንት ፖል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጂሙን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ደጋኑን ቀንሰው። ከ68 ወደ 60 ፓውንድ አውርደው፣ የሚቀጥለው አደን ሳይደርስ።

የቀዘቀዘው አንተ ነህ፣ ደጋኑ አይደለም። 15 ፋራናይት በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 9 ማለት ነው። ሰውነት በዚህ ብርድ ሲቀመጥ ደሙን ወደ መሃል አካሉ ይሰበስባል፣ የእጅና የእግር የደም ሥሮች ይጠባሉ። ጡንቻ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጉልበቱም ፍጥነቱም ይወርዳል፣ ከነርቭ የሚመጣው ትእዛዝ ይዘገያል፣ መገጣጠሚያም ይደርቃል። ጓሮህ ውስጥ ስትለማመድ እኮ ቆመህ ነው፣ ሞቆህ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀስት በኋላ ትከሻህ ተፍታቶ ነው። ማማ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ድንጋይ ሆነህ ተቀምጠህ በአንዴ ሙሉ ጉልበትህን አምጣ ትባላለህ።

ካላመንከኝ ሞክረው። ደጋኑን ሌሊቱን በረንዳ ላይ አሳድረው። ጠዋት አንተ ሞቆህ፣ ቁርስህን በልተህ ውጣና ቀስት ደግነህ ወደ ዒላማህ ሳበው። ከመጣልህ ደጋኑ ጤነኛ ነው። ያን ጊዜም ከከበደህ ወይም ሲሳብ ከተንቋቋ ግን የካሞቹ መዞሪያ ላይ ያለው ግራሶ ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ሱቅ ወስደህ አስጠርገው።

ኮምፓውንድ ደጋን አንድ ክፉ ጸባይ አለው። በጣም የሚከብደው ስበኸው መንገድ ላይ ሳለህ ነው። ያንን ካለፍክ ካሞቹ ይዞሩና ይቀልልሃል፤ 80 በመቶ የሚያቀል ከሆነ 60 ፓውንዱን መጨረሻ ላይ የምትይዘው በ12 ፓውንድ ገደማ ነው። የከበደውን ቦታ ካላለፍክ ግን ምንም የለህም። ትንሽ ጉልበት ጎድሎህ ነው ሙሉው ተኩስ የሚቀርብህ። አንተም ያጣሃት በዚህ ነው።

አቀናነሱ ቀላል ነው። የደጋኑን የላይኛውንና የታችኛውን ክንድ የያዙ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች አሉ፣ በአለንኪ ነው የሚዞሩት። አንዳንድ ደጋን ከጎን ትንንሽ መቆለፊያ ብሎኖች ስላሉት እነሱን ቀድመህ አላላ። ላዩን አንድ ዙር ካላላህ ታቹንም አንድ ዙር፣ ሁልጊዜ እኩል። አንድ ዙር እንደ ደጋኑ ዓይነት 2 ወይም 3 ፓውንድ ያወርዳል። መመሪያው ከፈቀደው በላይ ግን እንዳታላላ፣ ክንዱ ከቦታው ከወጣ ደጋኑ እጅህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ስትጨርስ ቀስቱ ዝቅ ብሎ ስለሚመታ ማነጣጠሪያህን እንደገና አስተካክል። ቀስቱ እየተወላገደ መሄድ ከጀመረ ለአዲሱ ክብደት ጠንክሮ ሊሆን ስለሚችል ሱቅ አሳየው።

«60 አይበቃም» የሚልህ ሰው ይኖራል። አትስማው። የሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን አደን የሚጠይቀው ቢያንስ 30 ፓውንድ ነው፣ አንተ እጥፉ ላይ ነህ። ቀስት እንደ ጥይት አይደለም፣ የሚገድለው ስለቱ ቆርጦ ነው። የተሳለ ስለት በትክክለኛው ቦታ ከገባ 60 ከበቂ በላይ ነው። እየተንቀጠቀጡ በ70 የተለቀቀ ቀስት ግን እንስሳዋን አቁስሎ ጫካ ውስጥ ያሰቃያታል፣ እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ክብደቱ ልክህ መሆኑን እንዲህ እወቅ። ወንበር ላይ ቁጭ በል፣ ሁለቱንም እግርህን ከመሬት አንሳ፣ ቀስት ደግነህ ደጋኑን ቀጥ አድርገህ ወደ ዒላማው እንደያዝክ በቀስታ ሳበው። ወደ ሰማይ ማንሳት ካስፈለገህ ከብዶሃል። በ60ም ካልሆነልህ የአንተ ደጋን ከዚያ በታች ስለማይወርድ ከ50 እስከ 60 የሚሄዱ ክንዶች ይቀየሩልህ። ወደ ሰማይ አንስቶ መሳብ ትከሻ ይጎዳል፣ ቀስቱ ቢያመልጥህ የት እንደሚወድቅ አታውቅም፣ አጋዘን ደግሞ ከምንም በላይ የምታየው እንቅስቃሴን ነው።

አለባበስ። ወፍራም ጃኬት ትከሻና ክርን ላይ ስለሚታጠፍ እጅህን ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዘዋል፣ አውታሩም እጅጌህን ይመታል። መሃል አካልህን አሙቅ፣ ክንድህ ላይ ቀለል አድርግ፤ ከውስጥ ሱፍ፣ ላዩ ላይ እጅጌ የሌለው ወፍራም ሰደርያ፣ የደጋኑ እጅ ላይ የክንድ መከላከያ። ወፍራም ጓንት አድርገህ የሪሊዙን (አውታሩን ይዞ የሚለቀውን መሣሪያ) ምላጭ መንካት አደገኛ ነው፣ ስሜቱን አታውቀውም። ይልቅ ወገብ ላይ የሚታሰር የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ግዛና ማሞቂያ ፓኬት ከተህበት እጅህን እዚያ አኑር፣ ጓንቱ ስስ ይሁን። ከመኪናህ እስከ ማማው ስትሄድ ጃኬቱን ቦርሳህ ላይ እሰረው፤ ላብህ ላይ ከተቀመጥክ አለቀልህ። ጥጥ አትልበስ። ጋቢ ለብሰው የሚወጡ ወገኖች እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ ጋቢ የምወደው ነገር ነው፣ ግን ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ሙቀትህን ይወስደዋል። የመጨረሻዎቹን የልምምድ ቀናት በሙሉ የአደን ልብስህ ተኩስ፣ ፊት መሸፈኛውንም ጨምረህ፣ ምክንያቱም አውታሩ ጉንጭህን የሚነካበት ቦታ ይቀየራል።

ማማ ላይ ሳለህ ዝም ብለህ አትድረቅ። በየሩብ ሰዓቱ የሁለቱን እጆችህን ጣቶች ደረትህ ፊት አቆላልፈህ ለመለያየት ጎትት፣ ትንሽ ያዝ፣ ልቀቅ። ትከሻህን ወደ ኋላ ሰብስብ። የእግር ጣቶችህን ጨምቅ። ይሄ ሁሉ ከሩቅ አይታይም፣ ግን ለመሳቢያ የምትጠቀምባቸውን ጡንቻዎች ያነቃቸዋል። አጋዘኗ ስትመጣ ደግሞ እስክትቆም አትጠብቅ፣ ጭንቅላቷ ከዛፍ ጀርባ ሲገባ ያኔ ሳብ። ካልሆነልህ ቀስቱን ሳትለቅ በቀስታ መልስ፣ ሲመለስ ድንገት ወደ ፊት ስለሚጎትትህ ተዘጋጅ። ባዶ አውታር በፍጹም አይለቀቅም። የሙሉ ሰውነት የደህንነት ቀበቶህ ደግሞ መሬት ከለቀቅክበት እስክትመለስ ይታሰር፣ የቀዘቀዘ ሰው ሚዛኑም ይዘገያል።

ጾሙን ጠይቀሃል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚኒሶታ የደጋን አደን እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ነው፣ ስለዚህ መገናኘታቸው አይቀርም። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። ግን ባዶ ሆድ ሙቀት ለመሥራት ነዳጅ የለውም፣ ቁርስ ሳትቀምስ ማለዳ ከወጣህ ቶሎ ትቀዘቅዛለህ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ውጣ፤ ጸሎትህን አድርሰህ፣ በልተህ፣ የመጨረሻውን ብርሃን ተቀመጥ። የጾም ምግብ በደንብ ያሞቃል፦ በሶ በስኳር በጥብጠህ ጠጣ፣ ለውዝ ኪስህ ያዝ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ቆሎውን መኪና ውስጥ ጨርሰው፣ ማማ ላይ ድምፁ ያሳብቅብሃል። ሥጋው ከተገኘ ፍሪዘር አለ፣ ገናን ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአደን ስትመለስ ደጋኑን ሞቃት ሳሎን ውስጥ አታስገባው። ቀዝቃዛ ብረት እርጥበት ይይዛል፣ በማግስቱ ይዘኸው ስትወጣ ያ እርጥበት አውታሩ ላይ ያለችው የማያ ቀዳዳና የቀስት ማስቀመጫው ላይ በረዶ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ከነሳጥኑ ይደር።

ጥያቄ፦ የእንጨት ረጅም ደጋን አለኝ፣ ለዒላማ ብቻ ነው። ክረምት ላይ መኪና ውስጥ ቢያድር ይጎዳል ወይ?

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ይጎዳዋል፣ አታሳድረው። እንጨት በብርድ ተሰባሪ ይሆናል፣ ውርጭ ላይ የቆየን ደጋን በአንዴ እስከ ጫፍ ከሳብከው ሊሰነጠቅ ይችላል። ካደረም ቤት ውስጥ ረጋ ብሎ ይሙቅ፣ ሂተር ወይም ምድጃ አጠገብ አታስጠጋው። ከዚያ አውታሩን አስርና መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ደጋግመህ እየሳብክ አፍታታው። በብርድ ቀን እስከ ጫፍ ስበህ አትቆይ፣ ስበህ ልቀቅ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአንቺ ደጋን አጋዘን አይታደንም ይለኛል፣ ምክንያቱም ደጋኔ 42 ፓውንድ ነው። እውነት አይታደንበትም? እኛም ሚኒሶታ ነን።

መልስ፦ እህቴ፣ ይታደንበታል። ሕጉን አልፈሻል፣ በብርድም በቀላሉ የምትስቢው ደጋን ይዘሻል። ሁለት ነገር ጠብቂ። ሲመታ የሚከፈተውን ዓይነት ስለት ተይው፣ ለመከፈቻው ጉልበት ይበላል፤ የማይንቀሳቀስና ምላጭ የሆነ ስለት ይሁን፣ ቀስቱም ከበድ ይበል። ከ20 ያርድ ወዲህ፣ ጎኗን ሙሉ ስትሰጥሽ፣ ከፊት እግሯ ትንሽ ወደ ኋላ። ፊቷን ወደ አንቺ ካዞረች ወይም ከራቀች ሳትስቢ ጠብቂ፤ ካልዞረችልሽ ትሂድ።