ትከሻ ሲያዝ፦ ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

አብሽር ወንድሜ፤ እናቴን ወጌሻ ጋ ልውሰዳቸው ወይስ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ የሐኪም ቤት ሕክምና) ብለህ ጠይቀሃል። እናትህ ትከሻቸው ተይዞ ሻሽ ማሰር ካቃታቸው፣ ከሐይቅ ደሴ ወጣ ብለው ፊዚዮቴራፒ ቢታዩ እመርጣለሁ። ወጌሻ ንቄ አይደለም፤ ጡንቻ ብቻ ሲጨማደድ ቅቤ ቀብቶ ቀስ አድርጎ ማሸት ያፍታታል። የተያዘ ትከሻ ግን መገጣጠሚያውን የሸፈነው ልባስ ወፍሮ ስለሚጠብቅ ነው የማይነሳው። በጉልበት ሲጎትቱት ይብሳል። የኔን ትከሻ አንዱ ወጌሻ "ቋ" አደረገልኝና ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክንዴን ይዛ በትንሽ በትንሹ አላቀቀችው። ቤት ደግሞ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት ሽቅብ ማስኬድ ነበር፤ የደረስኩበትን በከሰል እያሰመርኩ። ወራት ይፈጃል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል፣ እሱንም ይለኩ። ወድቀው ከሆነ ግን ማንም ሳይነካቸው ራጅ ይነሱ።