«43 አስተያየት መጣልን፤ የቱን እንስማ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባሕር ዳር የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን አራት ሆነን የ4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሙዚቃ ክሊፕ ሠራን። ዘፋኙ የክፍላችን ልጅ ነው፤ ዘፈኑም የራሱ ነው፣ ጭክጭካ። ግማሹን ጣና ዳር፣ ግማሹን ዶርም ውስጥ በስልክ ቀረጽነው። የመጀመሪያውን ኤዲት በቴሌግራም በትነን 43 አስተያየት ሰበሰብን። ከግማሽ በላይ የሚሆነው «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ነው። የቀረው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱ «ረዘመ» ሲል ሌላው «ቶሎ ቶሎ እየተቀያየረ ምንም ሳላይ አለቀ» ይላል። ሁለት ልጆች «ዓይን ያደክማል» አሉ። አድቫይዘራችን «ታሪክ የለውም» አሉን። አክስቴ ደግሞ አንዴ አይታ «ልጁ ከዘፈኑ ኋላ ነው» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ልናስረክብ 12 ቀን ቀርቶናል። አስተያየቱን እንዴት እንደተጠቀምንበትም ጽፈን ማቅረብ አለብን። የቱን እንስማ?
(ግራ የገባት ኤዲተር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ 43ቱን ለጊዜው አቆዪያቸውና ከአክስትሽ እንጀምር።

«ኋላ ነው» ስትል አፉን ትሁን ትከሻውን አልነገረችሽም። እሱን መለየት የአንቺ ሥራ ነው። መጀመሪያ አፉን ፈትሺ። ከግጥሙ ውስጥ መ፣ በ ወይም ፐ ያለበት ቃል ፈልጊ፤ እነዚህን ከንፈር ሳይገጥም የሚላቸው ሰው የለም። ምስሉን ፍሬም በፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች አንድ በአንድ) እየገፋሽ ከንፈሩ የሚገጥምበትን ቅጽበት ከድምፁ ጋር አስተያዪ። በሴኮንድ 25 ፍሬም ከሠራችሁ አንዷ ፍሬም 40 ሚሊ ሴኮንድ ናት። ሦስት ፍሬም ሲዘገይ ተመልካቹ ምን እንደጎረበጠው ባያውቅም ይጎረብጠዋል። ይህንን ሳይቆረጥ ረጅም በሚሄደው ሾት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አድርጊው። ሁለቱም ጋ እኩል ከዘገየ ምስሉን ቀድሞ እንዲገባ ትንሽ መሳብ ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን ነገሩ የመጣው ከስልኩ ነው። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ የሚቀርጹት የፍሬም ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ አይዘልቅም፤ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ደግሞ ቋሚ ነው ብሎ ይቆጥራል። ጥሬውን ቪዲዮ ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አሳልፋችሁ ፍሬሙን ቋሚ አድርጉና በድሮው ፋይል ቦታ ተኩት። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል።

አፉ ልክ ሆኖ ከተገኘ ትከሻውን ጠርጥሪ። የጭክጭካ ምት ስድስት ስምንት ነው፣ በአንድ ዙር ስድስት አጫጭር ምት፤ ፕሮግራሙ በራሱ የሚያስቀምጠውን የምት ምልክት አምነሽ ከቆረጥሽ እስክስታው መሀል ላይ ትገቢበታለሽ። በጆሮሽ ቁረጪ። እኔ ምቱ ላይ አልቆርጥም፤ ሁለት ሦስት ፍሬም ቀደም ብዬ እገባለሁ፣ ትከሻው ሲወርድ ዓይን ቀድሞ ቦታውን እንዲይዝ። ሌላም አለ። ጣና ዳር ሲቀርጽ ሰው ሁሉ ውሃውን ማሳየት ስለሚያምረው ካሜራውን ያርቃል። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ የሩቅ ሰው ትከሻ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ጭፈራው ጉራጊኛ ቢሆን እግሩ እንዲታይ ራቁ እላችሁ ነበር፤ እስክስታ ግን ከወገብ በላይ ነው። ጠጋ ብላችሁ የቀረጻችሁት ካለ እሱን አስገቡ።

«ዓይን ያደክማል» ያሉት ሁለቱ ልጆች ወርቅ ናቸው። ሌሎቹ ዝም ብለው ያለፉትን ተናግረዋል። ዶርም ውስጥ የቀረጻችሁት በፍሎረሰንት መብራት አይደለም? የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ እንዲህ ያለ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በባዶ ዓይን አይታይም። ስልኩ በ30 ፍሬም፣ በአንድ ስልሳኛ ሴኮንድ ሻተር (ለአንዷ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ሲቀርጸው ግን ግድግዳው ላይ የሚሄድ ጥላ ይሆናል። ኤዲት ላይ አጠፋዋለሁ ብለሽ ሌሊት አትፍጂ፤ ግማሹ አይወጣም። ክፍሉን በቀን መስኮቱን ከፍታችሁ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ እንደገና ቅረጹ። ማታ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ። ከ12ቱ ቀን አንዱን ለዚህ ስጡ።

አሁን ወደ 43ቱ። «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ሰላምታ ነው፤ «ሰላም ናችሁ?» ብሎ እንደማለት። ይሉኝታ ባለበት አገር ፊት ለፊት «አላማረኝም» የሚልሽ ወይ ጠላትሽ ነው ወይ አክስትሽ። የሠርግ ቪዲዮ ስቆርጥ ቆይቼ የመጀመሪያዬን ክሊፕ የሠራሁ ጊዜ ከእራት በኋላ ለእናቴ አሳየኋት። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ቤቱም ዝም አለ፣ ከዚያ «ደክማችኋል» አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ወርቁ የገባኝ ዘፋኙ ራሱ ክሊፑን ለሰው ማሳየት ሲያፍር ነው።

ስለዚህ ሌላ አስተያየት አትሰብስቢ። ዘፋኙን የማያውቁ ስድስት ሰዎች ፈልጊ፤ የክፍል ልጅ አይሆንም። አንድ በአንድ ስልኩን ስጫቸው፣ ከጎናቸው ተቀመጪ፣ «ገና አላለቀም» እንኳን አትበይ። አውራ ጣታቸውን እዪ። ጣቱ ወደ ስክሪኑ የተጠጋበትን፣ ዓይናቸው ወደ መንገድ የሄደበትን ደቂቃና ሴኮንድ ጻፊ። ሲያልቅ «ወደድከው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ደግ ውሸት ታሸክሚዋለሽ። «ወንድምህ ምን አየህ ቢልህ ምን ትለዋለህ?» በይው። ስለ ልጁ ከነገረሽ ደህና ናችሁ። «ጣና ያምራል» ካለሽ ቱሪዝም ነው የሠራችሁት።

«ረዘመ» እና «ምንም ሳላይ አለቀ» እንዲህ ስታዪ የሚጋጩ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ግጥሙ ቆሞ መሣሪያው ብቻውን በሚሄድበት። ኤዲተር እዚያ ጋ ይፈራል፣ ስለዚህ ያለውን ሾት ሁሉ እየከታተፈ ይሞላዋል። እኔ አንድ ጊዜ «ረዘመ» ስባል 20 ሴኮንድ ቆርጬ ጣልኩ፤ አሁንም «ረዘመ» አሉኝ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ክራር የሚመታውን እጅ ብቻ ሳልቆርጥ ዘጠኝ ሴኮንድ ያህል ተውኩት። ከዚያ በኋላ ረዘመ ያለኝ የለም። ሰው የሚያመውን ቦታ በትክክል ይነግርሻል፤ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ከነገሩሽ ውስጥ ደቂቃውን ውሰጂና መፍትሔውን አራታችሁ ተቀምጣችሁ ፈልጉ።

የአድቫይዘራችሁ ነገር ላይ እኔ ትንሽ እለያለሁ። ክሊፕ ፊልም አይደለም፣ ታሪክ የግድ አያስፈልገውም። ግን መምህር «ታሪክ የለውም» ሲል ብዙ ጊዜ «ጠፋሁ» ማለቱ ነውና ሄዳችሁ በአክብሮት «የቱ ጋ ነው የጠፋዎት?» በሏቸው። ግምቴን ልንገርሽ፦ ሐይቁ ዳር ያለው ልጅና ዶርም ውስጥ ያለው ልጅ አንድ ሰው አይመስሉም። ልብሱ ተቀይሯል፣ ሰዓቱ ተቀይሯል፣ አንዱ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ዶርሙን እንደገና ስትቀርጹ ጣና ዳር የለበሰውን ጋቢ ወይም ጃኬት አልጋው ላይ ጣሉት። አዲስ ታሪክ ከመጻፍ ይቀላል።

ለጽሑፉ አትጨነቂ። የተባለውን፣ የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ፣ ስትፈትሹ ያገኛችሁትንና ያደረጋችሁትን አስቀምጡ። ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ ጻፉ፤ እኔ ፈታኝ ብሆን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ደግሞ አትቸኩሉ። አንዴ የወጣ ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በሌላ ፋይል አይተካም።

የታረመውን ለአክስትሽ ስታሳያት ምን እንዳረማችሁ አትንገሪያት። ከቡናው ቀና ብላ «ይሄ ልጅ የማን ልጅ ነው?» ካለች፣ አስረክቡ።