ግራ መሪ ያለው ቪትዝ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ መምህራን ነን፤ የምንኖረው ሽምብጥ ነው። ያጠራቀምነውን ከዕቁብ ጋር ደምረን ትንሽ መኪና ልንገዛ ነው። ደላላው ሁለት አሳየን። አንዱ በ2008 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቪትዝ ነው፤ አውቶማቲክ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ 61 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ። ሌላው የ2003 እ.ኤ.አ. ያሪስ ነው፤ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የኋላ በሩ የተፋቀ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ዘመድ ሁሉ «ቪትዙን ግዙ፤ ስትሸጡት ያወጣል» ይለናል። በቅናሽ የሚገኝ ሊፋንም አለ ተብለናል። የምንነዳው ከተማ ውስጥ ነው፤ ለበዓል ጎንደር እንሄዳለን። የቱን እንግዛ?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ እህቴ፣ ያሪሱን ይግዙ። ዘመዶችዎን ለማሳመን እንዲመችዎ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ቪትዝ ቶዮታ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ለጃፓን ገበያ ይጠቀምበት የነበረ ስም ነው። ያው መኪና ለአውሮፓ ሲሠራ ያሪስ ይባላል። ጃፓኖች የመንገዱን ግራ ይዘው ስለሚነዱ ቪትዝ ከፋብሪካ ይወጣ የነበረው መሪው በቀኝ ሆኖ ነው። እንግዲህ እኛ ከተማ መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ካዩ፣ ተፈትቶ መሪው የተዛወረ መኪና ነው ያዩት። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ኤሚሬትስ ውስጥ ነው። የፍጥነት መለኪያው በዳሽቦርዱ መሀል ስለሚቀመጥ ዓይን በቀላሉ ይታለላል።

በደንብ የተዛወረ ቪትዝ ለዓመታት ያለ ችግር ሲያገለግል አይቻለሁ። በጥድፊያ የተሠራው ግን ያስፈራኛል። በአንዳንዱ ላይ የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ሲሊንደር በቀኝ እንደነበረ ይቀርና ፔዳሉ ወደ ግራ መጥቶ በረጅም ብረት ይያያዛል። ሲረግጡት ልል ከሆነ፣ ወይም ወደ ጎን የሚወላገድ ከመሰለዎት፣ ቁልፉን መልሰው ይሂዱ። ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየውን ላሜራ በባትሪ ይዩት፤ ተቆርጦ የተበየደ ቦታ ይታያል። ቁልፍ ሲከፈት የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሹን የማይበራ ከሆነ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ይሆናል። የፊት መብራቱንም ማታ ግድግዳ ላይ ያብሩት። የጃፓን መብራት ወደ ግራ ከፍ ብሎ ነው የሚያበራው፤ በእኛ መንገድ ይህ ማለት በጎንደር መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ማሳወር ነው።

61 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሉትን እኔ አላምንም። ለዚህ ዕድሜ በዓመት አራት ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ቆጣሪ ደግሞ በኮምፒውተር ይመለሳል። የጃፓኑ ሾፌር ይቀመጥ የነበረው በቀኙ ወንበር ስለሆነ፣ ወንበሮቹ ካልተቀያየሩ እርጅናው ያለው አሁን ተሳፋሪ በሚቀመጥበት በኩል ነው። የግራውን ብቻ አይተው «አዲስ ነው» እንዳይሉ። ካምቢዮው ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው የአውቶማቲክ ዓይነት) ከሆነም የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የጨመረበት ጋራዥ ካለ ጉዳቱ የሚወጣው በእርስዎ እጅ ነው።

ያሪሱም ያሪስ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አርማ ገዝቶ መለጠፍ ቀላል ነው። ለአውሮፓ የተሠራው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ በ«ቪኤንኬ» ከጀመረ የተሠራው ፈረንሳይ ነው። የጃፓን ገበያው አጭር ነው፣ መሀሉ ላይም ሰረዝ አለው። ሊብሬው ላይ ያለውን ከመኪናው አካል ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ።

የተፋቀው በር አያስጨንቅዎ፤ እንዲያውም ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የዚህ ሞዴል የ1.0ም ሆነ የ1.3 ሊትር ቤንዚን ሞተር የሚሠራው በሰንሰለት ነው፤ ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት ብዙ ያገለግላል። ጠዋት ሳይነገራቸው ሄደው ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው። ከዚያ አራት ሆናችሁ ተሳፈሩና ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲመለሱ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ይንዱትና ከሥር የሚንኳኳ ነገር መኖሩን ያዳምጡ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቆሞ እየሠራ ይቆይ፤ የራዲያተሩ ማራገቢያ በራሱ መነሳት አለበት። የዘይት መክደኛው ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ድርድሩን ያቁሙ። ጣና ዳር የቆየ መኪና ይዝጋል የሚሉዎትን አይስሟቸው፤ ሐይቁ ጨው የለውም። ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ካዩ ግን ምን እንደሸፈነ ይጠይቁ።

ስለ መልሶ መሸጥ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከኤሌክትሪክ በቀር የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በደኅና የተያዘ የቤንዚን መኪና ሁሉ ገዢ አያጣም። ያሪሱም ያወጣል። ሊፋኑን ይተዉት፤ የቻይናው ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. በዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት ገብቷል፤ እናንተን ለመለዋወጫ አዲስ አበባ ድረስ መላክ አልፈልግም።

ያላችሁን ሁሉ ለሻጩ አትስጡ፤ ለጎማ፣ ለዘይትና ለፍሬን ሸራ የሚሆን አስቀሩ። ሻጩ «ውክልና አለኝ» ካለ ውክልናው መሸጥን የሚጨምር መሆኑን አንብቡ፤ የመኪናው ፋይል ካለበት መሥሪያ ቤትም የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።