ውኃው «ንጹሕ ነው» ተባለ፤ ዓሣው ግን ይሽከረከራል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቲማቲም ማሳ ሥር የቆሮሶ ኩሬ አለኝ። ጎረቤቴ ማላታይን የተባለውን ፀረ ተባይ በረጨ ማግሥት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጫጩቶቹ ሞቱ፤ የተረፉት መኖ ሲበተን አይመጡም፣ በጎናቸው ዘንበል ብለው ይዞራሉ። ከሳምንት በኋላ ውኃውን ሳስመረምር ምንም አልተገኘም። ታዲያ ምን ነክቷቸው ነው?
የመቂ አንባቢ

መልስ፦ ውጤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የዘገየው ምርመራው ነው። ማላታይን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 በላይ በሆነ ሞቃት ውኃ ውስጥ በቀናት ይፈራርሳል። አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ለሳምንታት ይቆያል።

የዓሣው ጉበት ማላታይንን ማላኦክሶን ወደሚባል የባሰ መርዝ ይለውጠዋል። ይህ ደግሞ አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግደዋል። አሴቲልኮሊን የነርቭን መልእክት ካደረሰ በኋላ የሚያፈርሰው ይህ ኢንዛይም ስለሆነ፣ ሲታገድ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፣ ኋላም ይዝላል። ዓሣው የሚያገግመው ሰውነቱ አዲስ ኢንዛይም ሲሠራ ነው። በኮሆ ሳልሞን ግልገሎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የማላታይን ወገን በሆነው ፀረ ተባይ፣ በሊትር ከ2.5 ማይክሮግራም ባልበለጠ ክሎርፒሪፎስ ውስጥ 4 ቀን የቆዩት የአንጎላቸው ኢንዛይም በቀነሰ መጠን መዋኘታቸውም መብላታቸውም ቀንሷል።

ስለዚህ አንጎሉን ያስመርምሩ። ምልክት የሚያሳዩትን በሕይወት ሳሉ ይያዙ፤ የበሰበሰ ዓሣ አይጠቅምም። ወዲያው በበረዶ ውስጥ አድርገው በዚያው ቀን ያስቀዝቅዙ። ፍሳሹ ካልደረሰበት ኩሬም በዝርያና በመጠን ተመሳሳይ የሆኑ ጤነኛ ዓሦች ይጨምሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ ማነጻጸሪያ ከሌለ የላቦራቶሪው ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። የታመሙት ኢንዛይም ከጤነኞቹ ከ20 በመቶ በላይ ካነሰ መጋለጣቸውን ያመለክታል። ናሙናው መንገድ ላይ እንዳይቀልጥ፤ መርዙ ካርባሜት የሚባለው ሌላ ዓይነት ፀረ ተባይ ከነበረ ኢንዛይሙ በዚያው ሊያገግምና ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል።

ጎረቤትዎ የረጨው ማላታይን ሳይሆን ላምዳ ሳይሃሎትሪን ወይም ዴልታሜትሪን ከሆነ ግን ይህ ምርመራ አይረዳም። እነዚህ ፓይረትሮይድ የሚባሉ ፀረ ተባዮች ኢንዛይሙን ትተው የነርቭን የሶዲየም በር ከፍተው ያቆያሉ፣ ከውኃው ይልቅም ደለል ላይ ይጣበቃሉ። የላይኛውን ደለል በመስታወት ዕቃ ይውሰዱ፤ ፕላስቲክ መርዙን ይይዘዋል። ለማንኛውም የርጭቱን ዕቃ መለያ ፎቶ ያንሱ።

እስከዚያው ከማሳው የሚመጣውን ውኃ በቦይ ያስቀይሱ፣ ንጹሕ ውኃ ካለዎት ይጨምሩ፣ መኖ ይቀንሱ። ዓሣውን አይብሉ፣ አይሽጡ።

ጥያቄ፦ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፋፍት ሁልጊዜ ተመርዞ ነው?
የሐዋሳ አንባቢ

መልስ፦ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ታይቶ ፀሐይ ስትበረታ ከተወው አብዛኛውን ጊዜ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ በዚያ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው። መርዝ ሰዓት አይመርጥም፤ ጫጩቶቹንና የውኃ ነፍሳቱን ያስቀድማል። ቆሮሶ የኦክስጅን እጥረትን በደንብ ስለሚችል፣ በእኩለ ቀን ኦክስጅኑ በሊትር 5 ሚሊግራም እያለ ካለከለከ በአካባቢው ርጭት እንደነበረ ይጠይቁ።